የሞተ ኮምፒውተር፣ ያልሞተ ስክሪን፦ አሮጌ ኦል ኢን ዋን ኮምፒውተርን በሞኒተርነት ስለመጠቀም

በዚህ እትም ላካፍላችሁ ያሰብኩት ጉዳይ ከላባችን ጀርባ ካለችው ጠባብ ክፍል ይጀምራል። ክፍሏን የከፈተ ሰው እንደሚያውቀው ስድስት ኦል ኢን ዋን ኮምፒውተሮች፣ ማለትም ሲስተም ዩኒታቸውና ሞኒተራቸው በአንድ አካል የተሠሩ ማሽኖች፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እንደተቀጣ ተማሪ ተደርድረው ነው የከረሙት። አምስቱ ባለ 21.5 ኢንች ሲሆኑ ማዘርቦርዳቸው ሞቷል። ስድስተኛው ውጭ አገር የሚኖሩ የቀድሞ ተማሪ የላኩት እ.ኤ.አ. የ2010 ባለ 27 ኢንች አይማክ ነው። እሱ እንኳ ይነሳል፤ ግን የዛሬውን ሥራ አልችል ብሎ እየተንፏቀቀ ስለሆነ ማንም አይነካውም።

እኔን ወደዚያች ክፍል የወሰደኝ የማወቅ ጉጉት አይደለም፤ ችግር ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክት አብሬው የምሠራው ጓደኛዬ ዓይኑ ደካማ ነው። ላፕቶፑ ባለ 14 ኢንች ነው። ኮዱን ለማንበብ ፊደሉን ሲያሳድገው ስክሪኑ ላይ የሚቀረው አሥር መስመር ብቻ ነው፤ ፊደሉን ሲያሳንሰው ደግሞ አፍንጫው ስክሪኑን ሊነካ ይደርሳል። ማታ ማታ ራሱን ያመዋል። አዲስ ሞኒተር እንግዛ ብንል የሁለታችን የኪስ ገንዘብ ተደምሮም አልበቃም። ታዲያ አንድ ቀን ላብ ቴክኒሻናችንን «ጋሼ፣ እነዚህ ማሽኖች እኮ ስክሪናቸው ደህና ነው፤ ከላፕቶፕ ጋር በኬብል ብናገናኛቸውስ?» አልኳቸው። ሳቅ አሉና «እስቲ ሰካውና እየው!» አሉኝ። ሰካሁት። ምንም የለም። «አሁን ለምን እንዳልሠራ አጥናና ንገረኝ» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ያኔ የተሰጠኝ የቤት ሥራ መልስ ነው ማለት ይቻላል።

ኬብል መሰካት ብቻ ለምን አይበቃም?

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከኦል ኢን ዋኑ ጎን የኤች ዲ ኤም አይ ቀዳዳ እናያለን፤ ከላፕቶፑም ጎን እንዲሁ። ኬብሉ ሁለቱም ላይ ልክክ ይላል። ነገር ግን ቀዳዳው አንድ ዓይነት መሆኑ ሥራውም አንድ ነው ማለት አይደለም። የላፕቶፑ ቀዳዳ ምስል ማውጫ ነው። የአብዛኛው ኦል ኢን ዋን ቀዳዳም ምስል ማውጫ ነው፤ የተሠራው ለተጨማሪ ሞኒተር ወይም ለፕሮጀክተር ነውና። ሁለቱን ስናገናኝ ሁለት ተናጋሪዎችን ፊት ለፊት አስቀመጥን ማለት ነው፤ ሰሚ የለም።

እውነተኛ ሞኒተር ግን ሰሚ ብቻ ሳይሆን መልስ ሰጪም ነው። ኬብሉ ሲሰካ ሞኒተሩ በአንዷ ሽቦ «አለሁ» የሚል ምልክት ይልካል። ከዚያ ላፕቶፑ በሌሎች ቀጫጭን ሽቦዎች ኢ ዲ አይ ዲ የምትባለውን አጭር መረጃ ያነባል። መረጃዋ የሞኒተሩ መታወቂያ ወረቀት ናት፦ ማን እንደሠራው፣ ስንት በስንት ፒክሰል እንደሆነና በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስል እንደሚቀይር ትናገራለች። ላፕቶፑ ይህን አንብቦ ነው ለሞኒተሩ የሚስማማውን ምስል የሚልከው። መታወቂያ የሚያሳይ ከሌለ ምስልም የለም።

ኦል ኢን ዋኑ ውስጥ ያለው የስክሪን ፓነል ይህን ሁሉ አያውቅም። ፓነሉ ኤች ዲ ኤም አይ የሚባል ቋንቋ ሰምቶ አያውቅም። እሱ የሚሰማው ኤል ቪ ዲ ኤስ ወይም በአዳዲሶቹ ላይ ኢ ዲ ፒ የሚባለውን የውስጥ ቋንቋ ነው፤ የሚያናግረውም የራሱ ማዘርቦርድ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን «ኬብሉን የት ልሰካ?» መሆኑ ቀርቶ «በላፕቶፑና በፓነሉ መካከል ማን ያስተርጉም?» ወደሚል ይለወጣል። መልሱ ሦስት መንገድ አለው።

አንደኛው መንገድ፦ በር ያላቸው ማሽኖች

አንዳንድ ኦል ኢን ዋኖች ከፋብሪካ ሲወጡ የምስል ማስገቢያ በር ተሠርቶላቸዋል። ቀዳዳው አጠገብ «ኢን» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ኬብሉን ሰክታችሁ ከማሽኑ ቁልፍ ላይ ምንጩን መለወጥ ብቻ ነው። «አውት» የሚል ካለ ወይም ምንም ካልተጻፈበት ግን አብዛኛውን ጊዜ ማውጫ ነው።

በዚህ ረገድ የታወቀው የአፕል አይማክ ታሪክ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ባወጣው ባለ 27 ኢንች አይማክ ላይ «ታርጌት ዲስፕሌይ ሞድ» የሚባል አሠራር አስገባ። የ2009ኙና የ2010ሩ ባለ 27 ኢንች ማሽኖች በሚኒ ዲስፕሌይ ፖርታቸው ምስል ይቀበላሉ። ከ2011 እስከ 2014 አጋማሽ የወጡት ደግሞ የሚቀበሉት በተንደርቦልት ብቻ ነው። ቀዳዳው በመልክ ያው ስለሆነ ሰው ይሸወዳል፤ የ2011ዱ አይማክ ላይ ተራ ሚኒ ዲስፕሌይ ፖርት ኬብል ብትሰኩ ዝም ይላችኋል።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። አይማኩ በራሱ ሲስተም ከተነሳ በኋላ ሁለቱ በኬብል ይገናኛሉ፤ ከዚያ በአይማኩ የአፕል ኪቦርድ ላይ ኮማንድና ኤፍ 2 አንድ ላይ ይጫናሉ። የአይማኩ ምስል ጠፍቶ የሌላው ይመጣል። ኪቦርዱ የሌላ ኩባንያ ከሆነ ትእዛዙ ላይደርስ ይችላል። ሲስተሙን በተመለከተ የአፕል መመሪያ አይማኩ ማክ ኦኤስ ሃይ ሲየራ ወይም ከዚያ በፊት የነበረ እንዲሆን፣ ምስል ላኪው ማክም እ.ኤ.አ. በ2019 ወይም ከዚያ በፊት የወጣና ከካታሊና ያላለፈ እንዲሆን ይጠይቃል። የእኛ የ2010 አይማክ ከሃይ ሲየራ በላይ መውጣት ስለማይችል በዚህ በኩል ስጋት የለበትም። የ2012 ወይም የ2013 ማሽን ያላችሁ ግን «አሻሽል» የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት ቆም ብላችሁ አስቡ፤ ስታሻሽሉት በሩን በገዛ እጃችሁ ትዘጉታላችሁ።

አፕል ይህን በር ለምን ዘጋው? ምክንያቱ በቁጥር ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ የወጣው ባለ 27 ኢንች አይማክ 5120 በ2880 ፒክሰል ነው። ሲባዛ 14.7 ሚሊዮን ገደማ ፒክሰል ይሆናል። እያንዳንዱ ፒክሰል 24 ቢት፣ በሰከንድ 60 ጊዜ ይቀየር ብንል ከ21 ጊጋቢት በላይ በሰከንድ ማለፍ አለበት። በጊዜው የነበረው ዲስፕሌይ ፖርት 1.2 ለምስል የሚያሳልፈው 17.28 ጊጋቢት ነበር። አንድ ኬብል አልበቃም። ከዚያ ወዲህ የወጡ አይማኮች ይህ በር የላቸውም።

እኛስ? አንድ መምህራችን ሚኒ ዲስፕሌይ ፖርት ያለው አሮጌ ማክቡክ ነበራቸው። ሰካነው፣ ሁለቱን ቁልፎች ተጫንን፣ 2560 በ1440 ፒክሰል የሆነው ስክሪን ቦግ ብሎ በራ። ላቡ በጭብጨባ ደመቀ። የጓደኛዬ ላፕቶፕ ግን ያለው ኤች ዲ ኤም አይ ብቻ ነው። ልብ በሉ፤ ሱቅ ውስጥ በርካሽ የሚሸጠው የሚኒ ዲስፕሌይ ፖርትና የኤች ዲ ኤም አይ ማገናኛ የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ነው፤ ከዲስፕሌይ ፖርት ወደ ኤች ዲ ኤም አይ። የእኛ ፍላጎት ተቃራኒው ነው። ለዚያ የራሱ ኃይል ያለው ኮንቨርተር ያስፈልጋል፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ የሚያሳልፉት 1280 በ720 ፒክሰል ብቻ ስለሆነ በዚያ ትልቅ ስክሪን ላይ ፊደሉ ይደበዝዛል። ለደካማ ዓይን ደግሞ ደብዛዛ ፊደል ምን ይጠቅማል?

ሁለተኛው መንገድ፦ በኔትወርክ

ማሽኑ የሚነሳና የሚሠራ ከሆነ ሳይከፈት፣ ሳይፈታ ስክሪን ሊሆን ይችላል። ላፕቶፑ ላይ የሚጫን ፕሮግራም «ሁለተኛ ሞኒተር አለህ» ብሎ ላፕቶፑን ያሳምነዋል፤ ለዚያ ሞኒተር የተሠራውን ምስል ጨምቆ በኔትወርክ ይልካል፤ ኦል ኢን ዋኑም ተቀብሎ ያሳያል። ለምሳሌ ስፔስዴስክ የሚባለው ፕሮግራም ዋናው ማሽን ዊንዶውስ ሲሆን፣ ተቀባዩ በራሱ ፕሮግራም ወይም በብሮውዘር እንዲያሳይ ያደርጋል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ደግሞ ዋይፋያቸው የሚፈቅድ ከሆነ አንዱ ኮምፒውተር በሌላው ላይ እንዲታይ የሚያደርግ አሠራር በውስጣቸው አለ።

ታዲያ ምን ጎደለው? እዚህም ቁጥሩ ይናገራል። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን ሁለት ሚሊዮን ያህል ፒክሰል አለው። በ24 ቢትና በ60 ሲባዛ በሰከንድ ወደ 3 ጊጋቢት ይጠጋል። የላባችን የቆየው ስዊች የሚያሳልፈው 100 ሜጋቢት ነው። ስለዚህ ምስሉ ቢያንስ 30 እጥፍ መጨመቅ አለበት። መጨመቅና መፍታት ጊዜ ይወስዳል፤ ማውሱን ስታንቀሳቅሱት ቀስቱ ትንሽ ቆይቶ ይከተላችኋል። ቪዲዮና ጨዋታ ይንቀረፈፋል። ቆሞ የሚነበብ ነገር ግን፣ ለምሳሌ ፒ ዲ ኤፍ፣ የሌክቸር ስላይድ ወይም የፕሮግራም ሰነድ፣ ያለ ችግር ይነበባል።

በአይማኩ ብሮውዘር ሞከርነው። ቀን ላይ ሁሉም ተማሪ ዋይፋዩ ላይ ሲሰፍር ምስሉ እየቆመ አስቸገረን። በኔትወርክ ኬብል ስናደርገው ተሻለ። ስለዚህ ምክሬ፦ ይህን መንገድ የሚከተል ሰው ዋይፋይን ትቶ ኬብል ይጠቀም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ላንሳ። ማሽኑ የሚሠራ ከሆነ የግድ ስክሪን መሆን አለበት ወይ? እንደ ኮምፒውተርነቱ ጎን ለጎን ተቀምጦ ሰነዱን እሱ ላይ ብንከፍት፣ ኮዱን ላፕቶፑ ላይ ብንጽፍስ? በአንድ ኪቦርድና በአንድ ማውስ ሁለት ኮምፒውተር የሚያሠሩ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ማይክሮሶፍት ማውስ ዊዝአውት ቦርደርስ የሚባለውን እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ፓወርቶይስ በሚባለው የነፃ መሣሪያዎች ስብስብ ውስጥ አካቶታል። ቀስቱ ከአንዱ ስክሪን ጠርዝ ወጥቶ ሌላው ላይ ይገባል። ምስል ስለማይላክ ኔትወርኩም አይጨናነቅም። ብዙ ጊዜ «ሞኒተር ቸገረኝ» የሚል ሰው የቸገረው ይህ ነው።

ከመክፈታችሁ በፊት

ሦስተኛው መንገድ ማሽኑን መክፈት ነው። ማዘርቦርዱ ለሞተ ማሽን ያለው አማራጭም ይህ ብቻ ነው። ነገር ግን ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ሦስት ነገር ስሙኝ።

አንደኛ፣ ንብረቱ የማን ነው? እኛ መጀመሪያ የሄድነው ወደ ንብረት ክፍል ነው። የክፍሉ ኃላፊ «ልጆቼ፣ የተበላሸም ቢሆን በመዝገብ ያለ ንብረት ነው፤ ያለ ሞዴል 22 አንዲት ብሎን አትወጣም» አሉን። በዲፓርትመንት ኃላፊው ደብዳቤ ማሽኖቹ ለተማሪ ፕሮጀክት ተብለው ወጡ። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ይህን ያለፈ ሰው በኋላ «ሌባ» ቢባል ማንን ይከሳል?

ሁለተኛ፣ ሃርድ ዲስኩ። የቢሮ ማሽን ከሆነ ውስጡ የተማሪ ውጤት፣ የፈተና ወረቀት፣ የሰው የግል ፋይል ሊኖር ይችላል። ማዘርቦርዱ ሞተ ማለት ዲስኩ ሞተ ማለት አይደለም። አምስቱንም ዲስኮች አውጥተን ቁጥራቸውን መዝግበን፣ ሳንከፍት ለዲፓርትመንቱ አስረከብን።

ሦስተኛና ዋናው፣ መብራቱ። የአገራችን መስመር 220 ቮልት ነው። ይህ ተለዋዋጭ ከረንት ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ወደ ቀጥታ ከረንት ሲቀየር ጫፉ በ1.41 ተባዝቶ ወደ 310 ቮልት ይደርሳል። ይህን የሚይዘው ትልቁ ካፓሲተር ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ቻርጁን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ስፒናውን ነቅላችሁ፣ የማብሪያ ቁልፉን ተጭናችሁ ይዛችሁ፣ ጥቂት ጊዜ ጠብቃችሁ ሥሩ፤ የፓወር ሰፕላዩን ቆርቆሮ ሽፋን ግን አትክፈቱ። ለዚህ ሥራ አያስፈልጋችሁም። ቆየት ያሉ ስክሪኖች የኋላ መብራታቸው ቀጭን የፍሎረሰንት ቱቦ ነው፤ የሚያበራው ኢንቨርተር በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ያወጣል፤ ቱቦው ውስጥም ሜርኩሪ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 እንደወጣው የመጀመሪያው አይማክ ያለ፣ ስክሪኑ የብርጭቆ ቱቦ የሆነ ማሽን ካጋጠማችሁ ደግሞ በጭራሽ አትንኩት፤ እዚያ ውስጥ ያለው በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። ሰው ከሞኒተር ይበልጣል።

ሦስተኛው መንገድ፦ አስተርጓሚ ቦርድ

ቀደም ብዬ በላፕቶፑና በፓነሉ መካከል አስተርጓሚ ያስፈልጋል ብዬ ነበር። ይህ አስተርጓሚ የእጅ መዳፍ የምታህል ቦርድ ናት፤ ሻጮች «ኤል ሲ ዲ ኮንትሮለር ቦርድ» ይሏታል። በአንድ በኩል ኤች ዲ ኤም አይ ትቀበላለች፣ መታወቂያውን ታሳያለች፣ ምስሉን ወደ ፓነሉ ቋንቋ ትለውጣለች፤ የኋላ መብራቱንም ታዛለች። ከሷ ጋር ትናንሽ ቁልፎች ያሏት ቁራጭ ትመጣለች፤ ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻ ናት።

ነገር ግን ሁሉም ቦርድ ለሁሉም ፓነል አይሆንም። የማሽኑ ስምና ሞዴል እዚህ ላይ ዋጋ የለውም፤ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ማሽኖች ውስጥ የተለያየ ፓነል ሊኖር ይችላል። መታየት ያለበት ከፓነሉ ጀርባ የተለጠፈው ወረቀት ነው። እዚያ ላይ ያለው ረጅም ቁጥር በዘፈቀደ የተጻፈ አይደለም። ለምሳሌ «ኤል ኤም 215» ብሎ ከጀመረ የኤል ጂ ፓነል ነው፣ 215 የሚለውም 21.5 ኢንች ማለት ነው። «ኤል ቲ ኤም» የሚለው የሳምሰንግ ነው። ይህን ቁጥር እስከ መጨረሻዋ ፊደል ጻፉት፤ ፎቶም አንሱት። በቁጥሩ የፓነሉን ዳታ ሺት ፈልጋችሁ አምስት ነገር ታረጋግጣላችሁ፦ ፒክሰሉ ስንት በስንት ነው? ቋንቋው ኤል ቪ ዲ ኤስ ነው ወይስ ኢ ዲ ፒ? ማገናኛው ስንት እግር አለው? ፓነሉ የሚፈልገው ቮልት 3.3 ነው፣ 5 ነው ወይስ 12? የኋላ መብራቱስ ኤል ኢ ዲ ነው ወይስ ቱቦ፣ ስንት ቮልትና ስንት ከረንት ይፈልጋል? ይህን መልስ ይዛችሁ ነው ቦርድ የምትጠይቁት። ቦርዷ ላይ የሚጫነው ፈርምዌርም ለዚያው ፒክሰልና ቋንቋ የተዘጋጀ መሆን አለበት።

አከፋፈቱም እንደየማሽኑ ይለያል። ከ2009 እስከ 2011 የወጡት አይማኮች የፊት መስታወታቸው በማግኔት የተያዘ ስለሆነ በመምጠጫ ጎማ ይነሳል። ከ2012 መጨረሻ ወዲህ ያሉት ግን በሙጫ የተጣበቁ ናቸው፤ መስታወቱ ሲላቀቅ የሚሰነጠቅበት ጊዜ ብዙ ነው። የእኛዎቹ ግን የኋላ ፕላስቲካቸው ተፈልቅቆ ይከፈታል፤ ብሎኖቹ ርዝመታቸው ይለያያል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው በመጀመሪያው ማሽን ብሎኑን ሁሉ አንድ ኩባያ ውስጥ ጨመርነውና ስንገጥም ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ልንሰካ ደረስን። ከዚያ ወዲያ ወረቀት ላይ የማሽኑን ቅርጽ ሥለን እያንዳንዱን ብሎን በቦታው በናስትሮ ለጠፍነው።

ያቃጠልነው ፓነል

አሁን ወደማያኮራው ክፍል ልምጣ። ከዘመድ አዝማድ ያዋጣነውን ገንዘብ አጠራቅመን፣ በአንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ በኩል ቦርድ አስመጣን። ሦስት ሳምንት ጠበቅን። በደረሰች ዕለት ማታ፣ የፕሮጀክቱ ማቅረቢያ አንድ ወር ሲቀረው፣ እኔና ጓደኛዬ ላብ ውስጥ ሰብሰብ አልን። ኬብሉን ከፓነሉ ጋር አገናኘን። 12 ቮልት የምትሰጠውን አዳፕተር ሰካን።

ስክሪኑ ለቅጽበት ነጭ ሆነ። ከዚያ ጠፋ። ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

ችግሩ ምን ነበር? ቦርዷ ላይ ለፓነሉ የሚሄደውን ቮልት የምትመርጥ ጃምፐር የምትባል ትንሽ ቆብ አለች። ስትመጣ 12 ላይ ነበረች። ፓነላችን የሚፈልገው 5 ነው። አዳፕተሩ 12 ነውና ቆቧም 12 ላይ ብትሆን ልክ መሰለን። አዳፕተሩ የሚሰጠው ለቦርዷ ነው፤ ቆቧ የምትመርጠው ግን ለፓነሉ ነው። ሁለቱ አይገናኙም። ዳታ ሺቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ያነበብኩትም እኔው ራሴ ነኝ። ግን ቸኮልኩ። ጓደኛዬ ቆቧ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማየት ስለማይችል አምኖ የተወው ለእኔ ነው። በዚያች ሌሊት የከበደኝ የፓነሉ ነገር አልነበረም፤ እሱ «አይዞህ፣ ሌላ አለ» እያለ እኔን ማጽናናቱ ነው።

በማግስቱ ለዲፓርትመንት ኃላፊው ሄደን ነገርናቸው። ተቆጡ እንዳልል አልተቆጡም፤ «የተቃጠለውን መዝግቡ፤ ለምን እንደተቃጠለም ጻፉ» አሉን። ይህን አንቀጽ የምታነቡትም ለዚያ ነው። ቦርዷን በቴስተር ስንለካት አልተጎዳችም። ቆቧን ወደ 5 አዛወርን፤ ፓነል ሳንሰካ አዳፕተሩን ሰክተን በማገናኛው ጫፍ ላይ 5 ቮልት መውጣቱን ለካን። ከዚያ አዳፕተሩን ነቅለን የሁለተኛውን ማሽን ፓነል አገናኘን። እንደገና ሰካን። መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ የጓደኛዬ ላፕቶፕ ምስል መጣ።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ጃምፐር፣ ቀጥሎ ቴስተር፣ መጨረሻ ፓነል። ኃይል እያለ ምንም ነገር አትሰኩ፤ አትንቀሉ።

ሲገጠም ልብ የሚባሉ ነገሮች

ቦርዷ ማዘርቦርዱ በነበረበት ቦታ ትቀመጣለች። ሥሯ የብረት ሽፋኑን ከነካ ሾርት ስለምታደርግ በፕላስቲክ እግር ከፍ ብላ መታሰር አለባት። ማዘርቦርዱ፣ ማራገቢያውና አሮጌው ፓወር ሰፕላይ ሲወጡ ማሽኑ በጣም ይቀላል፤ 220 ቮልትም ከውስጡ ይወጣል፤ የሚገባው የአዳፕተሩ 12 ቮልት ብቻ ነው። የአየር ቀዳዳዎቹን አትድፈኑ። አዳፕተሩ የሚሰጠው አምፔር ቦርዷና የኋላ መብራቱ ተደምረው ከሚፈልጉት ማነስ የለበትም።

አንድ የምታውቁት ነገርም ልጨምር። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ሞኒተሩ ግን ይጠፋል። ያኔ መስኮቶቹ ሁሉ ወደ ትንሹ ስክሪን ይመለሳሉ፤ የተጻፈው አይጠፋም።

የትኛውን እንምረጥ?

ሲጠቃለል፦ የማስገቢያ በር ያለው ማሽን ካገኛችሁ እሱን ተጠቀሙ፤ ነገር ግን አይማክ በዚህ መንገድ ሲሠራ ሙሉ ኮምፒውተሩ በርቶ ስለሆነ ከተራ ሞኒተር የበለጠ መብራት ይበላል። የሚነሳ ግን በር የሌለው ከሆነ በኔትወርክ ወይም ጎን ለጎን አሠሩት፤ የሚያስወጣችሁ ገንዘብ የለም። ማዘርቦርዱ የሞተና ፓነሉ ያልተሰነጠቀ ከሆነ ቦርድ ግዙለት። ፓነሉ ከተሰነጠቀ ይቅርባችሁ። ያገለገለ ሞኒተር ከቦርዱና ከአዳፕተሩ ድምር በርካሽ ካገኛችሁም እሱን ግዙ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር አይሁንባችሁ።

ጉዳዩ ግን የኪስ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ሪፖርት መሠረት በ2022 በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተፈጥሯል፤ በአግባቡ ተሰብስቦ እንደገና ጥቅም ላይ ለመዋሉ ማስረጃ ያለው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ከማይቀበላቸው ማሽኖች መካከል ኦል ኢን ዋኖች ጥቂት አይደሉም። በየመሥሪያ ቤቱ ስቶር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ የሚያዞሩት ገና ይበዛሉ። ተራ ኮምፒውተር ሲሞት ሞኒተሩ ይተርፋል፤ ኦል ኢን ዋን ሲሞት ግን ደህናው ስክሪን ከበሽተኛው ጋር አብሮ ይቀበራል።

ከአምስቱ ማሽኖቻችን አንዱን ፓነል እኛ አቃጠልን፤ አንዱ ድሮውኑ የተሰነጠቀ ነው፤ አንዱ ሞኒተር ሆኗል። ሁለቱ ገና ስቶር ውስጥ ናቸው። ዲፓርትመንታችን ሁለት ቦርድና ሁለት አዳፕተር ቢገዛ፣ ሥራውን እኛ በነፃ እንሠራለን፤ ለንባብ ክፍሉም ሁለት ትልልቅ ስክሪኖች ይኖሩታል። እነሱን ስናስቀምጥ ቅድሚያ ዓይናቸው ለሚያስቸግራቸው ተማሪዎች ይሁን እላለሁ። ጓደኛዬ ፕሮጀክቱን ያጠናቀቀው ወንበሩን ተደግፎ፣ ቀና ብሎ እያነበበ ነው። እኔ ያላየኋቸውን ሁለት የኮድ ስህተቶችም ያገኘው እሱ ነው።

ማሽን ከፍቶ መሞከር የፈለገ ተማሪ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ላብ ውስጥ ያገኘናል። ቴስተር አንርሳ። ቸር ይግጠመን!